ተጨማሪ መረጃ፦ የጀልባ ሞተርን የሚያነሣው ዘይት

ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ትልቅ ሞተር ውኃው ጥልቀት ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። የሚያነሣው ዘይት ነው። በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ፓምፕ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይገፋል። የዘይቱ ግፊት 100 ባር፣ የፒስተኑ ወለል ስፋት 12.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚገኘው ኃይል 12,500 ኒውተን ነው። የተጋነነ ይመስላል፤ ግን ሲሊንደሩ የሚገፋው ከማጠፊያው አጠገብ ስለሆነ ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

በአሮጌ ሞተር ላይ ፓምፑ ይወቀሳል እንጂ ብዙ ጊዜ ያረጁት ኦሪንግ የሚባሉት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ተነሥቶ የቆመ ሞተር በራሱ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ዘይቱ ባረጀ ጎማ ወይም ቆሻሻ በያዘው ቫልቭ በኩል እያመለጠ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ጠጋኙ ከመፍታቱ በፊት ሞተሩን በጠንካራ ነገር ያስደግፋል፤ ከዚያ ቫልቮቹን ያጥባል፣ ጎማዎቹን ይቀይራል። ዘይት ጎደለ ብሎ የፍሬን ዘይት መጨመር ግን ጎማዎቹን ሊያሳብጥ ይችላል። በመጨረሻ ሞተሩን ደጋግሞ ከፍና ዝቅ በማድረግ አየሩ ይወጣል፤ አየር በቀላሉ ስለሚታመቅ፣ ውስጥ ከቀረ ፒስተኑ እየተንቀጠቀጠ ይነሣል።