ጥድፊያ የሌለበት ጠዋት

እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሼል ሲፍር የሚባል የ23 ዓመት ፈረንሳዊ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ትቶ በአልፕስ ተራሮች ካለ በረዷማ ዋሻ ገባ። ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ ድንኳን ተከለና ሁለት ወር ያህል ብቻውን ኖረ። ሲርበው ይበላል፤ እንቅልፉ ሲመጣ ይተኛል፤ በተኛና በነቃ ቁጥር ላይ ላሉት ባልደረቦቹ ስልክ ይደውላል። እነሱ ሰዓቱን ይመዘግባሉ እንጂ አይነግሩትም። ሴፕቴምበር 14 ቀን «ጊዜው አልቋል፣ ውጣ» ሲሉት ማመን አቃተው፤ በእሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ነበር። 25 ቀን ጠፍቶበታል።

የስልኩ መዝገብ ሲታይ ግን አስገራሚ ነገር ተገኘ። ሲፍር ፀሐይ ሳያይ፣ ሰዓት ሳይኖረው፣ ከ24 ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ዑደት ሲተኛና ሲነቃ ነበር የከረመው። ቀኑ የጠፋበት ሐሳቡ ነው፤ ሰውነቱ የራሱን ሰዓት ይዞ ቆይቷል።

ስለ ጠዋት ላወራችሁ ተነስቼ ከዋሻ የጀመርኩት «ትንሽ በሚበልጥ» ለምትለዋ ሐረግ ስል ነው። ብዙዎቻችን ጠዋት ለምን እንደምንሯሯጥ እሷ ታስረዳናለች።

ሰዓቱ ያለው አንጎላችን ውስጥ ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ፣ 20,000 ገደማ ሕዋሳት የተሰበሰቡባት ኢምንት ቦታ አለች። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኙት እንዲህ ያለው የሰውነት ሰዓት በዘረመል ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ በዝንብ ላይ ስላሳዩ ነው። የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት አንድ ዙር ለመጨረስ ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ይጨምራል። በየቀኑ ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀር የግድግዳ ሰዓት አስቡ። ጠዋት ጠዋት የሚያስተካክለው ካላገኘ እየዘገየ ይሄዳል። አስተካካዩ ደግሞ በዓይናችን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው። ያ ሲጎድል ማታ እንቅልፍ ይዘገያል፤ ጠዋት አልጋው ይከብዳል፤ ከዚያ ቁርስ ሳይበላ፣ ቁልፍ ሲፈለግ፣ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሩጫ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ታድለናል። አብዛኛው ዓለም አዲሱን ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ግን 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት እያልን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ከ5 ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ነው። መንገድ አንድ ሰዓት ቢፈጅባችሁ እንኳ ዓመቱን ሙሉ ለሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ብርሃን ታገኛላችሁ። ይህን ያህል የታመነች ፀሐይ የሌላቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

ብርሃን ስል ግን አምፖል ማብራት እንዳይመስላችሁ። ይህን ራሳችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል፦ ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጫኑና ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመሪያ ሳሎን፣ ቀጥሎ ደጃፍ ላይ ለኩ። የመለኪያው ስም ሉክስ ይባላል። መብራት የበራበት ሳሎን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ቢያሳይ ነው። ደጅ ግን ሺዎች ውስጥ ይገባል፤ ቀኑ ገፋ ሲል በደመናማ ሰማይ ሥር እንኳ 10,000 ይደርሳል። ዓይናችን ስለሚለማመድ ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑ አይታወቀንም፤ የአንጎላችን ሰዓት ግን በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ቢያረፍድ እንኳ ከሳሎን በረንዳው ይሻላል። ፀሐይዋን ትኩር ብሎ ማየት አያስፈልግም፤ ዓይንንም ይጎዳል። ደጅ መሆን በቂ ነው።

ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን ለማድረስ የምትሄደው እናት፣ ሱብሂ ሰግዶ ከመስጊድ በእግሩ የሚመለሰው አባት፣ በንጋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጡትና የሚወርዱት ወጣቶች ይህን ብርሃን በየቀኑ ያገኙታል። ሌሎቻችን ደግሞ ግቢ መጥረግ፣ አበባ ውሃ ማጠጣት፣ ሻይ ይዞ ደጃፍ ላይ መቀመጥ እንችላለን። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደ አልጋው እንመለስ። እንደነቃን ጭንቅላታችን ለምን ጭጋግ ይሆንብናል? አንጎል እንደ መብራት በአንዴ አይበራም። ከእንቅልፍ የወጣ ሰው ሙሉ በሙሉ ለመንቃት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኮርቲሶል የሚባለውና ለቀኑ የሚያዘጋጀን ሆርሞንም ከነቃን በኋላ እየጨመረ ሄዶ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ነው ጣሪያ የሚነካው። እንግዲህ ነቅቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከቤት የሚወጣ ሰው ቁልፉን የሚረሳውና ከልጆቹ ጋር የሚነጫነጨው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገና በደንብ ስላልነቃ ነው! ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ ሰዓት ለራሳችሁ ስጡ የምለው።

ያ አንድ ሰዓት ከየት ይመጣል? ከማታው ነው የሚመጣው፤ ይህን ደጋግሜ ብናገረው አልሰለችም። ልብስ ማታ ይተኮስ፤ ጠዋት መብራት ሊጠፋ ይችላል። ውሃ ማታ ይቀዳ፤ ፈረቃው የእናንተ ቀን ላይሆን ይችላል። ቁልፍ፣ መታወቂያና ዝርዝር የታክሲ ብር በር አጠገብ አንድ ሳህን ላይ ይቀመጡ። ቅንጬ ማታ ተቀቅሎ ካደረ ጠዋት ቅቤና ሚጥሚጣ ጨምሮ ማሞቅ ብቻ ነው። በሶ ከሆነ ደግሞ እሳትም አይጠይቅም። እኔ ለውጡን ያየሁት ከዚያች ሳህን ነው። እሷን በር አጠገብ ካስቀመጥኩ ወዲህ ጠዋት ኪስ በኪስ፣ ቦርሳ በቦርሳ መበርበር ቀረ፤ ሻዬን ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ።

ስልኩ ከአልጋ ራቅ ብሎ ይደር። ደወሉን አጥፍቶ «ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ» ማለት እንቅልፍን ይቆራርጣል እንጂ ብዙ አይጠቅምም፤ ተነስቶ ሄዶ የሚያጠፋ ሰው ግን አንዴ ቆሟል።

ቡናስ? ቡናችንን ማንም አይነካብንም፤ ሰዓቱን ብቻ እንወቅለት። ነቅተን በዋልን መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘናል። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ቀድሞ ሄዶ የአዴኖሲንን ወንበር ይይዝበታል፤ ድካሙ ሳይጠፋ እንዳይሰማን ያደርጋል። ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እንደየሰዉ ይለያያል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተን ብንነሳ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። ጠዋት አልጋው የሚከብዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ የከሰዓቱን ቡና ወደ ምሳ ሰዓት አምጡት።

እሁድስ? እሁድ እስከ 4 ሰዓት የተኛ ሰው ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ሰኞ ጠዋት ከሩቅ አገር በአውሮፕላን እንደመጣ ሰው ይሆናል። ከተለመደው ሰዓት አንድ ሰዓት ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ ከዚያ በላይ ግን ሳምንቱን ሙሉ የተስተካከለውን ሰዓት መልሶ ያዛባል።

ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የእናንተ ነገር ይለያል። ስቶክሆልም ውስጥ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። በጨለማ ገብታችሁ በጨለማ ትወጣላችሁ። ድካሙ የስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ የብርሃን እጥረት ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ ያለውን መብራት ሁሉ አብሩ፤ በምሳ ዕረፍታችሁ ደግሞ ብርድ ቢሆንም ኮታችሁን ደርባችሁ ውጡና ተራመዱ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ግን ነገ ጠዋት ስልካችሁን እቤት ትታችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ ደጅ ውጡ። ፀሐይዋ 1 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች።