«ኡሁሩ»፥ ከጎረቤታችን ባሕር የተነሣችው ሰው ሠራሽ ጨረቃ

የሰው ልጅ ሰማይን መመርመር የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ ማንም በርግጥ ሊናገር አይችልም። በሀገራችንም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሓይንና የጨረቃን ዑደት እየቈጠሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ እነርሱም ሆኑ በመነጽር የተራቀቁት የአውሮጳ ከዋክብት ተመልካቾች እስከ ኻያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ያዩት የሰማይን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። ከሰማይ ከሚላከው ብርሃን ብዙው ወደ እኛ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራልና።

ይህን ለመረዳት በሐኪም ቤት «ራጅ» እያልን የምንጠራውን ጨረር ማሰብ ይበቃል። ራጅም ብርሃን ነው፤ ነገር ግን ዐይናችን ሊያየው የማይችል፥ ኀይሉ የበረታ ብርሃን ነው። ከከዋክብት የሚመጣው ራጅ ምድርን የከበበውን አየር ዘልቆ ሊያልፍ አይችልም። «ሥጋን ዐልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አየርን ማለፍ እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ተማሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይህ ነው፤ አየር ስስ ቢመስልም፥ ከራሳችን በላይ የተከመረው ሁሉ ቢመዘን በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ዐሥር ቶን ያህል ይከብዳል። ዐሥር ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንደ መሸከም ማለት ነው። በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የቆሙት ሁለቱ የከዋክብት መነጽሮች እንኳ ከዚህ ጣሪያ በታች ናቸው። የሰማዩን ራጅ ለማየት የሚሻ ሰው እንግዲህ ከጣሪያው በላይ መውጣት አለበት።

ይህን ከሞከሩት አንዱ በኢጣልያ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሪካርዶ ጃኮኒ ነው። በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው) እርሱና ጓደኞቹ መሣሪያቸውን በሮኬት ጭነው ከኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ ተኰሱ። የታሰበው ከጨረቃ ገጽ ራጅ ይመጣ እንደ ሆነ ለመመርመር ነበር። ሮኬቱ ከአየሩ በላይ ሆኖ የተመለከተው ለስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ከጨረቃ ሳይሆን ከዐቅራብ ከዋክብት በኩል የሚመጣ እጅግ ብርቱ ራጅ ተገኘ። ከፀሓይ ሌላ ራጅ የሚረጭ አካል በሰማይ እንዳለ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። የስድስት ደቂቃ ቈጠራ ይህን ያህል ካሳየ፥ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ የሚቈጥር መሣሪያ ምን ያሳይ ይሆን? የሚል አሳብ ተነሣ።

መልሱ የተነሣው ከሩቅ አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በማሊንዲ ከተማ አቅራቢያ፥ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፥ ኢጣልያኖች በብረት እግሮች ያቆሙት ሳን ማርኮ የሚባል የሮኬት መተኰሻ መድረክ ነበር። በዲሴምበር 12 ቀን 1970፥ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፥ ከዚያ ተነሥታ አንዲት ትንሽ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ጠፈር ወጣች። ቀኑ ኬንያ ነጻነቷን ያገኘችበት ሰባተኛ ዓመት በዓል ስለ ነበረ፥ የሥራው ኀላፊ የነበረችው የናሳ መሐንዲስ ማርጆሪ ታውንሰንድ በስዋሒሊ «ኡሁሩ» ትባል ዘንድ አሳብ አቀረበች፤ ትርጓሜውም ነጻነት ማለት ነው።

ከአሜሪካ ድረስ ተጕዞ ኬንያ መምጣት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የምድር ወገብ ነው። በምድር ወገብ ላይ መሬት ወደ ምሥራቅ የምትሽከረከርበት ፍጥነት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ከዚያ የሚነሣ ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ከዚህም በላይ የምድርን ወገብ ተከትሎ የሚዞር መሣሪያ በጠፈር ውስጥ ካለው፥ ቈጠራን ከሚያበላሸው የጨረር ቀበቶ በአብዛኛው ይድናል። ስለዚህ ኡሁሩ በየ96 ደቂቃው ምድርን አንድ ጊዜ እየዞረች፥ ከሞያሌ ትንሽ ወደ ደቡብ በኬንያ ሰማይ ላይ ታልፍ ነበር።

ክብደቷ ከአንድ ኩንታል ተኩል ያነሰ ነበር። ፎቶግራፍ አታነሣም፤ መስተዋትም የላትም። ሥራዋ መቍጠር ብቻ ነው። በ12 ደቂቃ አንድ ጊዜ በቀስታ እየተሽከረከረች፥ ጋዝ በተሞላ ሣጥኗ ውስጥ የገባውን የራጅ ፍሬ እየቈጠረች ወደ ምድር ታስተላልፍ ነበር። ሊቃውንቱም የቍጥሩን ሰንጠረዥ እየመረመሩ ራጁ ከየት እንደ መጣ ያወጡ ነበር።

ከዚህ ቈጠራ የተገኘው ውጤት ያልታሰበ ነበር። ሴንታውረስ ኤክስ 3 ከሚባለው አካል የሚመጣው ራጅ በየ4.8 ሴኮንዱ እንደ ልብ ትርታ ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ በየሁለት ቀን ከጥቂት ሰዓትም ለጊዜው ይሰወራል። ይህም ሁለት ከዋክብት እርስ በርሳቸው እየተዟዟሩ፥ አንደኛው ሌላውን እንደሚጋርደው አስረዳ። ራጁ ከየት እንደሚመነጭም ታወቀ፤ ከትልቁ ኮከብ የተነጠቀው ጋዝ እጅግ ጥቅጥቅ ወዳለው ወደ ትንሹ ባልንጀራው ይወድቃል። ከግድብ ላይ የሚወርድ ውሃ መብራት እንዲሰጥ፥ የሚወድቀው ጋዝም በሚሊዮን በሚቈጠር ዲግሪ እየጋለ ራጅ ይረጫል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሲግነስ ኤክስ 1 የሚባለው ነው። የርሱ ራጅ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይለዋወጥ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ ፍሬው ትልቅ ነው። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ አንድ አካል ደግሞ ብርሃን ከዳር እስከ ዳሩ ለመሻገር ከሚወስድበት ጊዜ ፈጥኖ በሙሉ ሊለዋወጥ አይችልም። የፀሓይን ስፋት ለመሻገር ብርሃን ከአራት ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ይህ ራጅ የሚረጨው ሥፍራ ከፀሓይ እጅግ ያነሰ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ ተራው በምድር ላይ ያሉት መነጽሮች ሆነ። በእንግሊዝ ሀገር ሉዊዝ ዌብስተርና ፖል መርዲን፥ በካናዳም ቶም ቦልተን ራጁ በሚመጣበት በኩል ያለውን አንድ ሰማያዊ ኮከብ ተመለከቱ፤ ኮከቡም በ5.6 ቀን አንድ ጊዜ አንድ የማይታይ ነገር ሲዞር አገኙት። በ1972 ባወጡት ጽሑፍ የማይታየው አካል ጥቁር ጉድጓድ ሊሆን እንደሚችል አስታወቁ። ጥቁር ጉድጓድ ማለት ስበቱ ከመጽናቱ የተነሣ ብርሃን እንኳ ሊያመልጠው የማይችል አካል ነው። በ2021 የታተመ ጥናት ክብደቱ ከፀሓይ 21 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ፥ ርቀቱም 7,200 የብርሃን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ገልጧል። በነገሩ ላይ ስቲቨን ሆኪንግ በ1974 «ጥቁር ጉድጓድ አይደለም» ብሎ ከወዳጁ ከኪፕ ቶርን ጋራ ተወራርዶ ነበር፤ በ1990 ግን መረታቱን አምኖ የውርርዱን ዕዳ፥ የአንድ ዓመት መጽሔት፥ ከፈለ።

ኡሁሩ ሥራዋን በ1973 ጨረሰች። የመጨረሻው መዝገቧ 339 ራጅ የሚረጩ የሰማይ አካላትን ይዟል። በ1999 ወደ ጠፈር የወጣው፥ ራጅን በመስተዋት ሰብስቦ ሥዕል የሚያወጣው ቻንድራ የተባለው መነጽርም የርሷን ፈለግ የተከተለ ነው። ጃኮኒም በ2002 የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ ተካፈለ።

አሁን ወጣቱ አንባቢ አንድ ነገር ሊያስብ ይገባዋል። ኡሁሩ የተነሣችው ከአፍሪካ ባሕር ነው፤ ስሟም በአፍሪካ ቋንቋ ነው። መሣሪያዋ የተሠራው ግን በአሜሪካ ነው፤ የተኰሷት ኢጣልያኖች ናቸው፤ ቈጠራዋንም ያነበቡት በማሳቹሴትስ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። የምድር ወገብ የእኛ ሠፈር ነው፤ ሥፍራ ብቻውን ግን ዕውቀት አይሆንም። በ2019 ከቻይና የተተኰሰችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይትም ወደ ምድር እንድትመለከት እንጂ ወደ ከዋክብት እንድትመለከት የተሠራች አልነበረችም። ይህም የሚነቀፍ አይደለም፤ እርሻና ውሃ ይቀድማሉ።

ነገር ግን ከዋክብትን ለመመርመር ዛሬ የራስ ሮኬት መጠበቅ አያስፈልግም። ናሳ ከ1990 ጀምሮ የእንዲህ ያለውን ምርምር መዝገብ በአንድ ማእከል እየሰበሰበ ማንም ያለ ክፍያ እንዲያነበው ከፍቶታል፤ የኡሁሩ መዝገብም በዚያ ይገኛል። በአዲስ አበባ፥ በጎንደር ወይም በጅማ የተቀመጠ ተማሪ በማሳቹሴትስ ያለው የሚያየውን ቍጥር ማየት ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ቍጥሩን ለማንበብ በሚያስፈልገው ሒሳብ፥ ፊዚክስና ትዕግሥት ነው። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ሲቈጥሩ የኖሩ ናቸውና መቍጠር ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የቀረው የተከፈተውን መዝገብ ገልጦ መቀመጥ ነው።