የፍሬን ፔዳል ሲደነድን

ብዙዎቻችን የመካኒክነትን ሙያ የተማርነው በቤንዚንና በናፍጣ መኪና ነው፡፡ ይሁን እንጂ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፡፡ ስለዚህ ነገ ጋራዥ ገብተን ለመሥራት የምናስብ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪናን ፍሬን ማወቅ ይገባናል፡፡

ፔዳሉን ስንረግጥ የሚያግዘን ሰርቮ የሚባለው ክብ ቆርቆሮ ነው፡፡ በውስጡ የጎማ ሽፋን አለ፡፡ ከሽፋኑ በአንድ ወገን ያለው አየር ተስቦ ሲወጣ፣ በሌላው ወገን የሚገባው የውጭ አየር ሽፋኑን እየገፋ ጉልበት ይጨምርልናል፡፡ በቤንዚን መኪና አየሩን የሚስበው ራሱ ሞተሩ ነው፡፡ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይስብም፡፡ ስለሆነም እንዲህ ያለ ሰርቮ ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ተገጥሞላቸዋል፡፡

አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩ እንዴት ይታወቃል? መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመን ጎማውን በድንጋይ እንደግፋለን፡፡ ቁልፉን ከፍተን ፓምፑ ሠርቶ እስኪቆም እንጠብቃለን፡፡ ፔዳሉ ሳይነካ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ከተነሣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፡፡ የሳሙና አረፋ እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም፤ አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል እንጂ እንደ ጎማ ወደ ውጭ አይተነፍስም፡፡ የሚሻለው የቀጭን ቱቦ አንድ ጫፍ ጆሮ ላይ አድርጎ በሌላው ጫፍ መስመሩን መከተል ነው፡፡ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ከፔዳሉ ሥር የማያቋርጥ የፉጨት ድምፅ ከተሰማ፣ ጥፋቱ ከሰርቮው ነው፡፡

ቱቦው ጫፉ ላይ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ ከበቃ ቆርጦ በፋሼታ ማሰር ይቻላል፡፡ ካልሆነ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ወፍራም ቱቦ ይለወጥ፤ የውሃ ቱቦ ሲሳብ ይጣበቃልና፡፡ በመስመሩ ላይ ያለው ቫልቭ አየርን ከሰርቮው ወደ ፓምፑ ብቻ ማሳለፍ አለበት፤ በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ይለወጥ፡፡ የተቀደደ የሰርቮ ሽፋን አይለጠፍም፤ ሰርቮው በሙሉ ይቀየራል፡፡

ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ፈጽሞ አትንኩ፤ የሚገድል ኃይል ይዘዋል፡፡

ፔዳሉ በጉዞ ላይ ቢደነድን ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፡፡ ደጋግሞ መርገጥ የቀረውን እገዛ ይጨርሰዋል፤ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ረግጦ እስኪቆም መያዝ ነው፡፡ ጥገናው ሳያልቅ ግን መኪናው ከጋራዥ አይውጣ፤ በመንገዱ ላይ ልጆች አሉና፡፡