ሾፌሩ ጂፒኤስ እያለው ለምን ይደውላል?

ስልካችሁን አውጥታችሁ ታክሲ ጠራችሁ እንበል። ያላችሁበት ቦታ ካርታው ላይ በሰማያዊ ነጥብ ይታያል፤ መኪናዋም እየተጠጋች ትመጣለች። እናንተ የምታዩትን ሾፌሩም ያያል። ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል፦

«ሄሎ እህቴ፣ የት ጋ ነሽ?»

«ካርታው ላይ የሚታይህ ቦታ ነኝ።»

«እሱማ ይታየኛል። ከፋርማሲው በላይ ነሽ በታች?»

ቦሌ፣ ገርጂ ወይም አያት የሚኖር ሰው ይህችን ንግግር በቃሉ ያውቃታል። ስንት ቀልድ ተቀልዶባታል! እኔም ምህንድስና ስለምማር ነው መሰለኝ «ሳተላይት እያለ ፋርማሲ ምን ያደርጋል?» እያልኩ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ለምን እንደተውኩ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ከየት እንደምትመጣ እንይ።

ሳተላይቱም የሚሠራው በምልክት ነው

አንድ ጓደኛችሁ መንገድ ጠፍቶት ደወለላችሁ። «ከኤድና ሞል በቀጥታ መስመር 1 ኪሎ ሜትር ርቄያለሁ» ቢላችሁ ገና የት እንዳለ አታውቁም። ኤድና ሞልን መሃል አድርጋችሁ ካርታ ላይ ክብ ብትሥሉ፣ በክቡ መስመር ላይ የትም ሊሆን ይችላል። «ከመገናኛ ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል» ሲላችሁ ሁለተኛ ክብ ትሥላላችሁ። ሁለቱ ክቦች ሁለት ቦታ ላይ ይቋረጣሉ፤ ጓደኛችሁ ከሁለቱ በአንዱ ነው ያለው። ከገርጂ ኢምፔሪያል ያለውን ርቀት ከጨመረላችሁ አለቀ፣ አገኛችሁት።

ጂፒኤስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ምልክቶቹ ሰማይ ላይ መሆናቸው ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች ያለማቋረጥ «እኔ እዚህ ቦታ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» እያሉ ያሰራጫሉ። ስልካችሁ ደግሞ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ብዙ ሰው ስልኩ ወደ ሳተላይቱ መልእክት የሚልክ ይመስለዋል፤ አይልክም። ስለዚህ ዳታ ባይኖራችሁም ጂፒኤስ ይሠራል። ዳታው የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድና ቦታችሁን ለሌላ ሰው ለመላክ ነው።

ስልኩ መልእክቱ ሲነሳና ሲደርስ ያለውን የሰዓት ልዩነት በብርሃን ፍጥነት ሲያባዛው ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያገኛል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ የምታህል የሰዓት ስሕተት እንኳ 300 ሜትር ታሳስታለች ማለት ነው። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶሚክ ሰዓት የተገጠመላቸው ለዚህ ነው። በኪሳችን ያለው ስልክ ግን እንዲህ ያለ ውድ ሰዓት ሊኖረው አይችልም። መፍትሔው አራተኛ ሳተላይት ነው፦ ሦስቱ ቦታችሁን፣ አራተኛው የስልካችሁን የሰዓት ስሕተት ለማስላት።

አንስታይንም እዚህ ውስጥ አለበት። እዚያ ከፍታ ላይ የምድር ስበት ስለሚቀንስ የሳተላይቶቹ ሰዓት ይቀድማል፤ በፍጥነታቸው የተነሳ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። ሁለቱ ሲጣጡ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ባይታረም ኖሮ በአንድ ቀን ብቻ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የርቀት ስሕተት ይጠራቀም ነበር።

ቦሌ ላይ ነጥቧ ለምን ትዘላለች?

ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ጥሩ ስልክ 5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሳሳተው። አያት ሜዳ ላይ ብትቆሙ ነጥቧ ጨዋ ናት። ቦሌ መንገድ ላይ ግን ትረብሻለች፤ አንዴ ካፌው ውስጥ፣ አንዴ መንገዱ ማዶ ታሳያችኋለች። ጥፋቱ የመስታወትና የብረት ሕንፃዎቹ ነው። የሳተላይቱ ሞገድ በቀጥታ ከመምጣት ይልቅ ከፊት ለፊት ሕንፃ ተንጸባርቆ ሊደርሳችሁ ይችላል። ዙሮ ሲመጣ 30 ሜትር ተጨማሪ ከተጓዘ፣ ስልኩ ሳተላይቱ 30 ሜትር የራቀ ይመስለዋል። የገደል ማሚቶ ሰምቶ ተናጋሪው ማዶ ነው ብሎ እንደማሰብ ነው።

የሀገራችን ሰማይም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊ ወገብ በጣም ቅርብ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ ጣቢያ ያለውም በዚህ የተለየ ቦታችን ምክንያት ነው። በዚህ መስመር አካባቢ አዮኖስፌር የሚባለው፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር ክፍል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሊናወጥ ይችላል። የሳተላይቱ ሞገድ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል።

ይህን ራሳችሁ ሞክሩት። የስልካችሁን ካርታ ክፈቱና ነጥቧን የከበበውን ፈዛዛ ሰማያዊ ክብ ተመልከቱ። ክቡ «እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ያለህ ይመስለኛል» ማለት ነው። ቤት ውስጥ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ሆናችሁ ስፋቱን አነጻጽሩ።

የአንድ ቢት ጥያቄ

እሺ፣ ነጥቧ ፍጹም ትክክል ብትሆንስ? ሾፌሩ መደወሉን ይተው ነበር? እኔ አይመስለኝም።

በቀለበት መንገዱ ዳር ቆማችኋል እንበል። መኪናዋ ከማዶ ናት። በመሃላችሁ ያለው ርቀት 40 ሜትር ቢሆን ነው። ግን መሃል ላይ አጥር አለ፤ መኪናዋ እናንተ ጋ ለመድረስ ብዙ ሄዳ መዞር አለባት። ለሳተላይት 40 ሜትር የሆነው ለሾፌር ኪሎ ሜትሮች ሊሆን ይችላል። ነጥቧ የት እንዳላችሁ ትናገራለች፤ እንዴት እንደሚደረስባችሁ ግን አታውቅም። የትኛው በር? በየትኛው ወገን? መኪና የሚቆመው የት ጋ ነው? አድራሻ የሚባለው እነዚህን ሁሉ ሲይዝ ነው።

አሁን ወደ ሾፌሩ ጥያቄ እንመለስ፦ «ከፋርማሲው በላይ ነሽ በታች?» ክላውድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት መረጃ እንደ ርቀትና ክብደት ሊለካ እንደሚችል አሳየ። ሁለት እኩል የሚሆኑ መልሶች ብቻ ላሉት ጥያቄ የሚሰጥ መልስ አንድ ቢት ይባላል። የሾፌሩ ጥያቄ በትክክል አንድ ቢት ናት! ሳተላይቶቹ ያላወቁትን ነገር በአንዲት ቃል ይጨርሰዋል። ሻነን ያስተማረን ሌላው ነገር፣ ረብሻ ባለበት መስመር መልእክት በትክክል እንዲደርስ ከፈለግን ማረጋገጫ የሚሆን ተጨማሪ መረጃ አብረን መላክ እንዳለብን ነው። ሾፌሩ የሚያደርገው ይህንኑ የስሕተት ማረም ሥራ ነው።

«በላይ» እና «በታች»ም እንዲሁ የተባሉ አይደሉም። ከተማችን ከእንጦጦ ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ ቦሌ አየር ማረፊያ እስካለበት 2,300 ሜትር ገደማ ድረስ ታዘቀዝቃለች። ሰሜንና ደቡብ ሳንል ሽቅብና ቁልቁል ብለን የምንግባባው እግራችን ኮምፓስ ስለሆነ ነው።

ይህን ቀድመው የገባቸው የሀገራችን ባለሙያዎች አሉ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ በመተግበሪያ ብቻ ሳይሆን 8294 ላይ በመደወልም ታክሲ እንዲጠራ አድርጓል። (እነዚህን ቁጥሮች የስልክ ቁልፎች ላይ ፈልጉና ከሥራቸው ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አንብቡ፤ ታክሲ የሚለው ቃል ይወጣላችኋል።) ስማርት ስልክ የሌላቸው እናት ደውለው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ብለው መኪና ያገኛሉ።

ምልክቱ ሲጠፋ

እንግዲህ መሳቅ ያቆምኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

አምና በክረምት፣ ሰሚት አካባቢ ባለው ኮንዶሚኒየማችን አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት አስማቸው ተነሳባቸው። እናቴ አፍንጫቸው ሥር ሆና «አይዞዎት» ትላለች፤ እኛ አምቡላንስ ጠራን። በስልክ «የት ጋ ነው?» ሲሉን ሦስታችን ሦስት ነገር ተናገርን። እኔ የብሎክ ቁጥር አልኩ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ግድግዳ ግን ቀለም ከተቀባ ቆይቷል። ወንድሜ «ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወደ ቀኝ» አለ፤ ዳቦ ቤቱ ከተነሳ ወራት አልፎታል። ሌላው ጎረቤት በዋናው በር አስገባቸው፤ ዋናው በር ሌሊት ይቆለፋል። ሾፌሩ የሰማውን ሁሉ ተከትሎ ዞረ። በመጨረሻ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከደረጃ ወርዶ አስፋልት ድረስ በዝናብ ሮጠና የስልኩን ባትሪ አብርቶ እያውለበለበ መርቶ አመጣቸው። ጎረቤታችን ተርፈዋል። ግን ያቺን የባከነች 20 ደቂቃ አልረሳትም።

ያን ሌሊት የገባኝ ነገር ይህ ነው። ሳተላይቶቹ የራሳቸውን ቦታ የሚነግሩበት መረጃ አላቸው፤ እሱም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይታደሳል። ባይታደስና ቢያረጅ፣ ሰዓታቸው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ስልካችሁን ያሳስቱታል። እኛም እንደዚያው ነን። «ዳቦ ቤቱ» ያረጀ መረጃ ነበር።

ስም ከነገሩ በላይ ዕድሜ ሲኖረው ችግር የለም። ሲኤምሲ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ቤቶችን ከሠራው የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ነው፤ ዛሬ ስለ ድርጅቱ የማያውቅ ሰው ሰፈሩን ግን አይስትም። ሁላችንም በስሙ ስለተስማማን ነው። ችግር የሚመጣው ከፊላችን የምናውቀውን ከፊላችን ሳናውቅ ስንቀር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ ባሉት መንገዶች ዳር ብዙ ነገር ተቀይሯል። ኪዮስኩ፣ አጥሩ፣ «ቢጫው ሕንፃ» የለም። መንገዱ ሰፋ፤ የኛ የአፍ ካርታ ግን ገና አልታደሰም።

ዛሬ ማታ የሚሠራ ሙከራ

ለቤተሰባችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ስጡ። «አምቡላንስ ሊመጣ ነው፤ ቤታችን እንዴት ይደርሳል?» ብላችሁ ሳይነጋገሩ እንዲጽፉ አድርጉ። ከዚያ አነጻጽሩ። እኛ ቤት አራት ሰው አምስት አቅጣጫ ጻፈ፤ አባቴ ሁለት አማራጭ ሰጥቶ ነው!

ከዚያ ተስማምታችሁ አንድ አጭር አድራሻ አዘጋጁ። መነሻ ምልክቱ ቶሎ የማይነሳ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትልቅ ትምህርት ቤት ከሱቅ ይሻላል። ቀጥሎ መኪና ከየት ወደየት እንደሚታጠፍ፣ ሌሊት የሚከፈተው በር የትኛው እንደሆነና አስፋልት ድረስ ወጥቶ የሚቀበለውን ሰው ስልክ ጻፉ። በጉግል ካርታ ላይ የቤታችሁን ፕላስ ኮድም ጨምሩበት። ፕላስ ኮድ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለሌለበት ቦታ የተፈጠረ፣ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ አድራሻ ነው፤ ሙሉው ኮድ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነች ቦታን ያመለክታል። ከታች የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የእሳት አደጋን 939 ጻፉና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለውን፣ ማንም ሰው ማረም የሚችለውን የዓለም ካርታ ክፈቱና ሰፈራችሁን እዩት። የተነሳውን ሱቅ አጥፉ፤ የግቢያችሁን በር ጨምሩ። እኔ የኛን ግቢ የሌሊት በር ጨምሬያለሁ።

ሾፌሩ ሲደውልላችሁ ደግሞ «ካርታው ላይ አለልህ» ብላችሁ አትዝጉበት። አንዲት ቢት ነው የጠየቃችሁ።