ሉፐስ፦ ዝም የማይል የሰውነት ጥሪ

ጉንፋን ሲይዘን የሚያተኩሰንና የሚቆረጣጥመን በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ሰውነታችን የሚያሰራጨው የማስጠንቀቂያ መልእክት ነው። መልእክቱን የሚያደርሱት ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ በ1957 እ.ኤ.አ. የተገኘው ኢንተርፌሮን ነው፤ በቫይረስ የተጠቃ ሴል ጎረቤቶቹን «ተጠንቀቁ» የሚልበት። ቫይረሱ ሲሸነፍ ጥሪው ይቆማል።

በብዙ የሉፐስ ሕሙማን ላይ ግን አይቆምም። በሽታ ተከላካዩ ሥርዓት ከሞቱ ሴሎች የተረፈውን የራሱን ዲ ኤን ኤ እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። ሁለቱ ሲጣበቁ ኢንተርፌሮን ይበዛል፤ እሱም በተራው ተጨማሪ ፀረ እንግዳ አካል ያስመርታል። ይህ አዙሪት ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን ይጎዳል። የፀሐይ ጨረርም የቆዳ ሴሎችን በመግደል ያባብሰዋል፤ ሐኪሞች ከፀሐይ ተጠንቀቁ የሚሉት ለዚህ ነው።

ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። ድካማቸውን እንደ ስንፍና የምንቆጥር ቤተሰቦች ይህን ልንረዳ ይገባል።

ሕክምናውም ይህንኑ መልእክት ለማርገብ ይሞክራል። ለወባ ይሰጥ የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥሪውን ያለዝባል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው አኒፍሮሉማብ ደግሞ ኢንተርፌሮን የሚጣበቅበትን የሴል ተቀባይ ይዘጋል።

ስለዚህ እህታችን ስለተሻላት ብቻ መድኃኒቷን ማቆም የለባትም። ሕመሙ ቢሰወርም ጥሪው ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ለመቀነስም ሆነ ለማቆም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።