ከአርማው ጀርባ

የላንድክሩዘር ወዳጆች ጋራዣችን ሲገናኙ ክርክሩ ሁልጊዜ ከሞተር ይጀምራል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 300ውን ሲያወጣ 8ቱን ሲሊንደር በ6 መተካቱን እስከ ዛሬ ይቅር ያላሉት አሉ። አዲሱ ባለ 3.3 ሊትር ናፍታ ሁለት ተርቦ ተገጥሞለት ከቀድሞው የናፍታ ቪኤይት የበለጠ ጉልበት እንደሚያወጣ፣ መኪናው ራሱም 200 ኪሎ ያህል እንደቀለለ እነግራቸዋለሁ። ሰምተው ሲያበቁ “እሱስ ይሁን፤ ድምፁስ?” ይላሉ። ድምፁን እኔም እወደዋለሁ። ግን ውሎዬ ከኮፈን ስር ስለሆነ አንድን መኪና አምራች በደንብ አስቧል ወይም አላሰበም የምለው በሌላ መለኪያ ነው፦ መኪናው ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢቆም እዚያው ያለ ሰው በእጁ ባለው መፍቻ ሊያስነሳው ይችላል ወይ?

በዚህ መለኪያ ሃርድቶፕ የምንለውን ባለ 70 ላንድክሩዘር የሚያህል እስካሁን አላየሁም። ባለ 70ው ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እየተሠራ ነው። በየእርዳታ ድርጅቱና በየጤና ቢሮው ግቢ ቆመው ከምናያቸው ብዙዎቹ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍታ ናቸው። ተርቦ የላቸውም። ናፍታውን የሚገፋው ፖምፓ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ይሠራል እንጂ የኮምፒውተር ትእዛዝ አይጠብቅም። ከናፍታ ፊልትሮው ግርጌ ውሃ የሚጠራቀምባት ቦታ አለች። ቆሻሻ ናፍታ የቀዳ ሾፌር መንገድ ዳር ቆሞ የታችኛዋን ብሎን ያላላል፤ ውሃው አልቆ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ብሎኗን አጥብቆ ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክርበት ድረስ በመዳፉ ይጫናል። ከዚያ አስነስቶ ይሄዳል። ይህን ማንም ክፍል አስገብቶ አላስተማረውም፤ ረዳት ሳለ ከአለቃው አይቶ ነው።

ዕድሜያቸውን በቦረና መስመር የፈጁ አንድ አንጋፋ ሾፌር መሥሪያ ቤታቸው አዲስ መኪና በሰጣቸው ሰሞን ወደ ጋቢናው ጠሩኝና ዳሽቦርዱን እያሳዩ “አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ መብራት ሲበራ የቱን ነው የማምነው?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ስለ መብራት ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ እዚያው ነው። ሾፌሩ ለማያውቀው ነገር ሁሉ ወደ ከተማ የሚያስመልሰው መኪና የመስክ መኪና ሊባል አይችልም።

ቶዮታ የእሳቸውን ዓይነት ጥያቄ የሰማ ይመስለኛል። ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስት መስመር ያዘ። 300ው ትልቁና ውዱ ነው። 70ው የሥራ መኪና ሆኖ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የተዋወቀው 250 ደግሞ የፕራዶን ቦታ ተረክቧል፤ ኩባንያው ሲያስተዋውቀውም መኪናው ከትውልድ ወደ ትውልድ ወደ ቅንጦት ማድላቱን ጠቅሶ፣ ሰው ለኑሮውና ለሥራው ወደሚመካበት መነሻው ሊመልሰው መወሰኑን ተናግሯል። አሜሪካ ውስጥ ከ300ው የቀደመው ባለ 200 እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋርጦ በትልቅነቱ የቀረው ቅንጡው ሌክሰስ ብቻ ነበር። ላንድክሩዘር የሚለው ስም ወደዚያ ገበያ የተመለሰው በ250ው ሲሆን መነሻ ዋጋው ከ85 ሺህ ዶላር በላይ ከነበረበት ሲመለስ ወደ 56 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። “ይሄማ ፕራዶ ነው፤ ስሙን አረከሱት” የሚሉ አፍቃሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። የዚህ መኪና ዘር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 የፉጂን ተራራ እስከ 6ኛው ማረፊያ በወጣችው፣ ቢጄ በተባለችው የቶዮታ መኪና ነው፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣውም በ1954 ነው። ያኔ ቆዳ ወንበርና ማቀዝቀዣ ሣጥን አልነበረም። ስሙን ያስከበረው ሥራው ነበርና ወደ ሥራ መመለሱ ክብሩን አይነካም። ደግሞም 250ው ሻንሲውን የሚጋራው ከ300ው ጋር ነው፤ ስሩ ገብቶ ያየ ሰው “የውሸት ላንድክሩዘር” ለማለት አፉን አይሞላም።

አንድ ነገር ግን አፍቃሪዎቹ ልክ ናቸው። የ250ው መሪ በላንድክሩዘር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘይት ፖምፓ ቀርቶለት በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ሆኗል። በድንጋያማ መንገድ መሪው እጅ ላይ እንዳይመታ ያደርጋል፤ ጥሩ ነው። የዘይቱ መሪ ሲያንጠባጥብ ግን ጎሚኒውን ከሱማሌ ተራ ገዝቼ በዚያው ቀን እቀይርለታለሁ። የኤሌክትሪኩ ሲበላሽ የሚቀየረው ሙሉ ዕቃው ነው።

ላንድሮቨር የሄደበት መንገድ ከዚህ ይለያል። አሮጌው ዲፌንደር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ቆመ፤ አዲሱ ከሻንሲ ጋር ተለያይቶ በአሉሚኒየም ቦዲ መጣ። በ2023 ደግሞ ኩባንያው ሬንጅ ሮቨርን፣ ዲፌንደርን፣ ዲስከቨሪንና ጃጓርን እያንዳንዳቸውን ራሳቸውን የቻሉ ብራንዶች አድርጎ እንደሚያቆም አስታወቀ። ለሽያጭ ይረዳው ይሆናል። የአባቶቻችንን ዘመን ላንድሮቨር በመዶሻና በሽቦ ሲጠግን ለኖረ መካኒክ ግን አዲሱ መኪና ከስሙ በቀር የሚያውቀው ነገር የለውም።

ስለ ወደፊቱ ኤስዩቪ ስንጫወት ወጣቶቹ የሚያነሱት ራሱን ስለሚነዳ መኪና፣ ስለ ካሜራና ስለ ራዳር ነው። እዚህ ላይ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛዬ በአዲስ መኪናው ፓራውልት ላይ ከብት ቢገባበት የሚመክት ወፍራም የብረት መከላከያ አስገጠመ። በማግሥቱ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ በራ፤ ፍጥነት ይዞ የሚሄደው ሲስተምም አልሠራ አለ። ከፊት ያለው አርማ በድሮዎቹ መኪኖች ላይ እንደምናውቀው ክፍት አይደለም፤ ልሙጥ ፕላስቲክ ነው። ከጀርባው የመዳፍ ስፋት ያላት ራዳር ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ብረት ሲመጣባት ታወረች። ብረቱን መሐሉን ቆርጠን ስናስተካክለው መብራቱ ጠፋ። የመስታወቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። የጠጠር መንገድ ላይ ከፊት የሚሄድ አይሱዙ ያስፈነጠረው ድንጋይ መስታወት ቢሰነጥቅ ድሮ ሌላ ገዝቶ መግጠም ነበር። ዛሬ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ካሜራ መስታወቱ ሲቀየር እንደገና በመሣሪያ መስተካከል አለባት፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈች መስመሩን አሳስታ ታነባለች። እነዚህ ነገሮች ሕይወት ያድናሉ፤ ይቅሩ አልልም። የጠጠር መንገድና የከብት መንጋ ላለበት አገር ሲላኩ ግን ማስተካከያ መሣሪያውና ዕውቀቱ አብረው መላክ አለባቸው።

ሁሉን ነገር ስክሪን ውስጥ የመክተቱን ፋሽን በተመለከተ አፍቃሪዎቹ ያሸነፉ ይመስላል። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ጣት ስክሪን ላይ አይረጋም፤ ዓይንም ከመንገዱ ይነሳል። የቮልስዋገን የዲዛይን ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2025 ለድምፅ፣ ለሙቀት፣ ለንፋስና ለአደጋ መብራት በእጅ የሚነኩ ቁልፎችን እንደሚመልሱ ተናግረዋል። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻና ክላክስ ላሉት ነገሮች የተለየ ቁልፍ መኖሩን በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ አስገብቷል።

እኛን ይበልጥ የሚነካን የኤሌክትሪኩ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ በራችን ላይ የሚቆመው መኪና ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የተዋወቀው ትንሹ ላንድክሩዘር ኤፍጄ የስንቱን ልብ እንደሰቀለ አይቻለሁ፤ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ነውና በዚህ ውሳኔ ወደ እኛ አይመጣም። ስለዚህ ወዳጆቼ ከናፍቆታቸው ይልቅ ስለሚመጣው ቢከራከሩ እመርጣለሁ።

በቅርቡ አንድ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ በተጎታች አምጥተውልኝ ነበር። በሩ በቁልፍ አይከፈት፣ ስክሪኑ አይበራ። ባለቤቱ ትልቁ ባትሪ የሞተ መስሎት ፊቱ ጠቁሯል። የሞተችው ግን እንደማንኛውም መኪና ያለችው 12 ቮልት ባትሪ ነበረች። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች ትእዛዝና ኃይል የሚያገኙት ከእሷ ነው፤ እሷ ከሌለች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም አይደረስበትም። ከሌላ ባትሪ ገመድ ስናገናኝላት መኪናው ነቃ። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ስክሪኑ በቻይንኛ ነው፤ ብልሽቱን የሚያነበው ሶፍትዌርም ያለ አምራቹ ፈቃድ አይከፈትም። እንግዲህ እኚያ የቦረናው አንጋፋ ሾፌር ይህን ይዘው ሞያሌ ላይ ቢቆሙ ምን ያደርጋሉ?

ኤሌክትሪክና ጠንካራ ሻንሲ አብረው አይሄዱም ማለት አይደለም። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ያወጣው ጂ 580 ባትሪውን በነባሩ ሻንሲ መሐል አስቀምጦ፣ ከስሩ 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መከላከያ አልብሶ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ሞተር ሰጥቶታል። ዋጋው ለጥቂቶች ነው፤ መንገዱን ግን አሳይቷል። ቶዮታ በ2023 ለእይታ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ላንድክሩዘር ኤስኢ ሻንሲ የሌለው፣ ለአስፋልት የሚያማምር መኪና ነበር። ለእኛ ይዞ ቢመጣ የምመኘው ያንን አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሃርድቶፕ ነው። ባትሪው በክፍል በክፍል የሚፈታ፣ አንዱ ክፍል ሲደክም እሱ ብቻ የሚቀየር፣ የብልሽት ኮዱን ማንኛውም ፈቃድ ያለው ጋራዥ ሊያነበው የሚችል።

እስከዚያው ግን የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ስለ ስክሪኑ ስፋትና በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከመጠየቁ በፊት አስመጪውን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እመክራለሁ፦ ብልሽት የሚያነበው መሣሪያ አገር ውስጥ በማን እጅ አለ? የባትሪው አንድ ክፍል ለብቻው ይሸጣል ወይ? 12 ቮልቷ ባትሪ የት ተቀምጣለች፣ ሞታ በሩ አልከፈት ሲልስ በየት በኩል ይደረስባታል?