እርጎና ገብስ ለሯጩም ወንበር ላይ ለሚውለውም

ወተት የሚያሰባስብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከወተቱ ከፊሉን አርግቶ ለከተማ ገበያ ለማቅረብ ሲያስብ፣ «እርጎው ለስፖርተኛ ብርታት ይሰጣል፣ ለሆድም መድኃኒት ነው ብለን ብናስታውቅስ?» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ለልማት ሠራተኛው ስለሚቀርብ፣ መልሱን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በሰው አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሆዳችን ሊፈጨው ያልቻለውን ፋይበር የሚባለውን የእህልና የአትክልት ክፍል እነርሱ ያብላሉታል፤ ከዚህም የሚገኙት አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ። በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያዋን ተዋሕስያን ፕሮባዮቲክ ይባላሉ። ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ፋይበርና ይህን የመሰለው ምግብ ደግሞ ፕሪባዮቲክ ይባላል። አንደኛው ዘሩ፣ ሁለተኛው ማዳበሪያው ነው ቢባል ለገበሬው በቀላሉ ይገባዋል።

ስለ ሯጮች የተደረጉ ጥናቶች አሉ። በፊንላንድ 141 የማራቶን ሯጮች ለሦስት ወር ተከፍለው፣ ግማሾቹ የተመረጠ የላክቶባሲለስ ዝርያ ሲወስዱ ግማሾቹ አልወሰዱም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ጉንፋንን በመሰለ ሕመም ረገድ ልዩነት አልተገኘም፤ የሆድ ሕመም የሚቆይበት ጊዜ ግን አጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ 20 ሯጮች ሌላ ዝርያ ሲወስዱ የጉንፋን ምልክት የታየባቸው ቀኖች በጠቅላላው 30 ሲሆኑ፣ ባልወሰዱበት ጊዜ 72 ነበሩ። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ችሎታው ግን አልተለወጠም። እንግዲህ ፕሮባዮቲክ ሯጩን ያፈጥናል ለማለት ከእነዚህ ጥናቶች ማስረጃ አናገኝም። ሊያስገኝ የሚችለው ጥቅም በሕመም ምክንያት የሚባክነውን የልምምድ ቀን መቀነስ ነው፤ ይህም ለሯጭ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነገሩ ትንሽ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እንቅስቃሴ የማያደርጉ 32 ሰዎች አመጋገባቸውን ሳይለውጡ ለስድስት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት ሠሩ። በተለይ ውፍረት በሌላቸው ላይ፣ ለአንጀት የሚጠቅመውን አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በዙ። ስፖርቱን ለስድስት ሳምንት ሲተዉት ለውጡ አብዛኛው ተመልሶ ጠፋ። በመሆኑም የማይንቀሳቀስ ሰው እርጎ ጠጥቶ የእግር ጉዞውን ሊተካ አይችልም።

አሁን ወደ ራሳችን እርጎ እንመለስ። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የተሠሩት ተለይተው በታወቁና መጠናቸው በተለካ ዝርያዎች ነው። የቤት እርጎ ሕያዋን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አሉት፤ ነገር ግን ዓይነታቸውና ብዛታቸው ከቤት ቤት፣ ከቅል ቅል ይለያያል። ስለዚህ መልካም ምግብ ነው ማለት ይቻላል፤ የተመረመረ ፕሮባዮቲክ ነው ማለት አይቻልም። እግረ መንገዳችንን፦ አይብ ሲሠራ አሬራው በእሳት ስለሚሞቅ ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው ይሞታሉ። እንጀራም ሊጡ ቢቦካም ምጣድ ላይ ስለሚጋገር እንዲሁ ነው። ሕያው ባክቴሪያ የሚገኘው ባልሞቀው አሬራና በእርጎው ነው።

በማዳበሪያው በኩል አገራችን ሀብታም ናት። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለው፤ ይህም ለአንጀት ባክቴሪያዎች ከመመገቡ በላይ የደም ኮሌስትሮልን ዝቅ ያደርጋል። ስመ ጥር ሯጮች የወጡባት የአርሲዋ በቆጂ ገብስ አብቃይ መሆኗን ማንም ያውቃል። ሩጫውን ገብሱ አመጣው አንልም፤ በሶና ቆሎ ግን በፋብሪካ ብልቃጥ ከሚሸጠው ዱቄት በዋጋም በጥቅምም የሚናቁ አይደሉም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስርና ሽምብራም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሯጭ ግን ባቄላና ሽምብራ በልቶ ወዲያው እንዳይሮጥ መምከር ያስፈልጋል፤ ሆዱ ይነፋበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ንጽሕና ነው። ካልተፈላ ወተት የረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የእርጎው ኮምጣጣነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዕቃውን በወይራ ማጠን መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ጀርሞችን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ማፍላትን አይተካም። ወተቱ ሲፈላ አርጊዎቹ ባክቴሪያዎችም አብረው ስለሚሞቱ፣ ጣት ሲነከርበት እስከማያቃጥል ድረስ ከቀዘቀዘ በኋላ በአንድ ሊትር ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምሮ መክደን ያስፈልጋል። ይህ እርሾ ራሱ ከተፈላ ወተት የተሠራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በጠርሙሱ ላይ የተሠራበት ቀንና የማኅበሩ ስም ይጻፍ። «በሽታ ይከላከላል» ወይም «ብርታት ይጨምራል» የሚል ቃል እንዳይገባ የልማት ሠራተኛው ይከታተል። የግት በሽታ ይዟት አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተት፣ የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ከሌላው ጋር አይቀላቀል፤ መድኃኒቱ አርጊዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል የአንዲት ላም ወተት የብዙ አባሎችን ወተት ሳይረጋ ሊያስቀረው ይችላል።